ከአዲስ አበባ የማይርቅ ቤት

ፀሐይ ከጋሞ ተራሮች ጀርባ ስትገባ የላንቴ ሥራ አያበቃም። ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው አስፋልት ዳር አይሱዙዎች ቆመዋል፤ አረንጓዴ ሙዝ በዘለላው ይጫናል፤ ጫኚዎች ይጯጯኻሉ፤ ደላላው ስልኩን ከጆሮው አያወርድም። መኪናው ሌሊቱን ሲጓዝ ያድርና ጠዋት አዲስ አበባ ይገባል። ሰማዩ ከጠራ አንዳንድ ቀን ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ቀና ያለ ሰው እንደ አጥቢያ ኮከብ የደመቀ፣ ብልጭ ድርግም የማይል፣ ድምፅ የሌለው ብርሃን ከአድማስ ተነስቶ በአምስት ስድስት ደቂቃ ሰማዩን ሲያቋርጥ ያያል። አውሮፕላን አይደለም። ተወርዋሪ ኮከብም አይደለም። ውስጡ ሰዎች አሉ፤ ምናልባት አንዱ እራት እየበላ ነው።

ብርሃኑ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ነው። ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይዞራል። ከላንቴ አዲስ አበባም በመንገድ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ጣቢያው በአናት ሲያልፍ ከዋና ከተማዋ የሚርቅ አይደለም። ልዩነቱ ፍጥነቱ ላይ ነው። አይሱዙው ሌሊቱን ሙሉ የሚለፋበትን ርቀት ጣቢያው አንድ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ይጨርሰዋል፤ በሰዓት 28 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይበራልና።

ብዙ ሰው ጠፈርተኞች የሚንሳፈፉት እዚያ ላይ የምድር ስበት ስለሌለ ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም፤ በዚያ ከፍታ የስበቱ ኃይል እዚህ መሬት ላይ ካለው 90 በመቶ ገደማ ነው። በእግዜር ድልድይ በተባለው ኮረብታ ላይ ቆሞ ወደ ጫሞ ሐይቅ ድንጋይ የሚወረውር ልጅ እናስብ። ድንጋዩ ጥቂት ሄዶ ይወድቃል። ልጁ ጉልበት ጨምሮ ቢወረውር ራቅ ብሎ ይወድቃል። በሰከንድ ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ መወርወር ቢችልና አየሩ ባያግደው ግን ድንጋዩ እየወደቀ ሳለ ክቡ መሬትም ከሥሩ እየጎበጠ ይሸሸዋል፤ ስለዚህ ሲወድቅ ይኖራል እንጂ መሬት አያገኝም። ጣቢያው ያ ድንጋይ ነው። ውስጡ ያሉትም አብረውት ስለሚወድቁ ወለሉ እግራቸውን አይገፋም፤ መንሳፈፍ የሚባለው ይኸው ነው።

በሰማይ ላይ ከተማ አለ ማለት ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩ ኢዮር፣ ራማና ኤረር የተባሉትን የመላእክት ከተሞች ይጠራሉ። ሰው ራሱ ሠርቶ የሚገባበትን ከተማ ማሰብ የተጀመረው ግን ዘግይቶ ነው። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ኤቨረት ሄል በ1869 (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመቶቹ፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) ስለ ጡብ ጨረቃ የሚያወራ ልቦለድ በመጽሔት አሳተመ። መርከበኞችን መንገድ እንዲመራ ከጡብ የተገነባ ትልቅ ኳስ፣ ሠራተኞቹ ከነቤተሰባቸው ውስጡ እንዳሉ ሳይታሰብ ወደ ሰማይ ይወነጨፋል፤ እነሱም እዚያው ዘርተው አጭደው ይኖራሉ። በ1920ዎቹ መጨረሻ ስሎቬናዊው ኸርማን ፖቶችኒክ እንደ ጋሪ ጎማ ክብ የሆነ ጣቢያ በሥዕል አስደግፎ አቀረበ። ጎማው ሲሽከረከር በጠርዙ ያለ ሰው ወደ ውጭ ስለሚገፋ እግሩ ወለል ይረግጣል። በ1952 ቨርነር ፎን ብራውን 76 ሜትር ስፋት ያለው ጎማ ነደፈ፤ በ1968 የስታንሊ ኩብሪክ ፊልም ያንኑ ጎማ በሙዚቃ አጅቦ ለዓለም አሳየ። ፕሮፌሰር ጄራርድ ኦኒል ደግሞ በ1970ዎቹ ኪሎ ሜትሮች ርዝመት ያላቸው፣ ውስጣቸው ወንዝና እርሻ የሞላባቸው በርሜሎች አለሙ።

እስከ ዛሬ ሰው የኖረበት አንድም የሚሽከረከር ጎማ የለም። የተሠሩት ሁሉ ቧንቧ የሚመስሉ፣ ሽቦና ቱቦ የበዛባቸው ጠባብ ክፍሎች ናቸው። ሕልመኞቹ ስለ ቅርጹ ብዙ ሲጨነቁ ወደ ኋላ የቀረ ነገር ነበር፤ የቤት ጣጣ። ውሃው ከየት ይቀዳል? ቆሻሻው የት ይጣላል? ልብስ ማን ያጥባል? የጠፈር ጣቢያ ታሪክ ከሮኬት ታሪክ ይልቅ የጓዳ ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የመጀመሪያው ጓዳ የሶቪየት ኅብረት ሳልዩት 1 ነበር፤ በሚያዝያ 1971 ተወነጨፈ። ሦስት ሰዎች ከሦስት ሳምንት በላይ ኖሩበት። ሲመለሱ የመንኮራኩራቸው የአየር ማመጣጠኛ ቧምቧ ያለጊዜው ተከፍቶ አየሩ ሾልኮ ወጣ፤ መንኮራኩሩ በሰላም ሲያርፍ ዶብሮቮልስኪ፣ ቮልኮቭና ፓትሳዬቭ ሕይወታቸው አልፎ ተገኙ። የአሜሪካው ስካይላብ በ1973 ወጥቶ በ1979 ሐምሌ ላይ ቁርጥራጩ አውስትራሊያ ምዕራብ ላይ ወደቀ። የኤስፐራንስ ወረዳ አስተዳደርም የአሜሪካን የጠፈር ድርጅት ናሳን ቆሻሻ በመጣል 400 ዶላር ቀጣው። ቀልድ ነው፤ ግን የቅጣት ወረቀቱ የእውነት ነበር።

ቤት ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ያሳየው ሌላው የሶቪየት ጣቢያ ሳልዩት 7 ነው። በ1985 መጀመሪያ ማንም ሳይኖርበት መብራቱ ጠፍቶ ቀረ። በሰኔ ጠፈርተኞቹ ጃኒቤኮቭና ሳቪኒክ ተልከው፣ ምንም ምላሽ ከማይሰጥ ጣቢያ ጋር በእጅ መሪ ተጠግተው ገቡ። ውስጡ ጨለማና ውርጭ ነበር፤ ውሃው በረዶ ሆኗል። ሞቃት ኮፍያ አድርገው ባትሪዎቹን አንድ በአንድ እየሞሉ ቤቱን አስነሱት። ለወራት የተዘጋን ቤት ከፍቶ ምድጃ የሚያቀጣጥል ሰው ሥራውን ያውቀዋል፤ እዚያ ግን ምድጃ የለም።

ከሁሉም ለኢትዮጵያ አንባቢ የሚቀርበው የሶቪየቱ ጠፈርተኛ የሰርጌይ ክሪካልዮቭ ታሪክ ሳይሆን አይቀርም። ግንቦት 10 ቀን 1983 ዓ.ም. ወደ ሚር ጣቢያ ተጓዘ። እሱ እዚያ በደረሰ ሰሞን ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር ወጡ፤ ግንቦት 20 ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ። ክሪካልዮቭ ከላይ ምድርን ሲዞር ከአሥር ቀን በኋላ ኢትዮጵያ ሌላ መንግሥት ነበራት። ብዙ ሳይቆይ ተራው የእሱ አገር ሆነ። ሌኒንግራድ የተባለችው የትውልድ ከተማው ስሟ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተቀየረ፤ የላከችው ሶቪየት ኅብረት ራሷም በታኅሣሥ ፈረሰች። ገንዘብ ጠፋ፣ ተተኪ መሐንዲስ ዘገየ፤ እሱም ቤቱን ጥሎ መውረድ ስላልቻለ ቆየ። ከ311 ቀን በኋላ መጋቢት 1984 ዓ.ም. ላይ ወረደ። ዩኒፎርሙ ላይ የተሰፋው የአገር ስም ካርታ ላይ አልነበረም።

ያው ክሪካልዮቭ በ2000 ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ነዋሪዎች አንዱ ሆኖ ወደ ዓለም አቀፉ ጣቢያ ገባ። ቀኑ በእኛ ጥቅምት 23 ቀን 1993 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ወዲህ ጣቢያው አንድም ቀን ባዶ ሆኖ አያውቅም። ላንቴ ውስጥ ከዚያ በኋላ የተወለደ፣ ዛሬ ሙዝ የሚጭን ጎረምሳ፣ የሰው ልጅ በሙሉ ምድር ላይ ያለበትን አንድ ምሽት አላየም ማለት ነው። ቤቱ በመሐሉ አድጓል፤ የፀሐይ ሰሌዳዎቹን ጨምሮ 109 ሜትር ርዝመት፣ 420 ቶን ያህል ክብደት አለው። አብዛኛውን ጊዜ ሰባት ሰዎች ይኖሩበታል።

አሁን ወደ ውሃው።

አርባ ምንጭ ስሟን ያገኘችው ከገደሉ ሥር ጫካው ውስጥ ከሚፈልቁት ምንጮች ነው፤ ከተማዋም ከዚያው ትጠጣለች። የላንቴ ሙዝም የሚጠጣው ከደጋው ከሚወርዱ ወንዞች በቦይ የተጠለፈ ውሃ ነው። የዛሬው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲም በ1979 ዓ.ም. ሲመሠረት የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነበር። በእነዚህ ሰዎች አናት ላይ የሚያልፈው ቤት ግን ዋና ምንጩ ሌላ ነው፤ የነዋሪዎቹ ገላ። አንድ ጠፈርተኛ ለመጠጥ፣ ለምግብና ለንጽሕና በቀን አራት ሊትር ያህል ያስፈልገዋል። ውሃን በሮኬት መላክ እጅግ ውድ ነው። ስለዚህ ሽንት፣ ላብና ከትንፋሽ የሚወጣ እርጥበት ሁሉ ይሰበሰባል።

ሽንቱ የሚነጠረው በሚሽከረከር በርሜል ውስጥ ነው። የሚሽከረከርበት ምክንያት አለው፤ ክብደት በሌለበት ቦታ እንፋሎቱ ወደ ላይ፣ ፈሳሹ ወደ ታች አይልም። ላይና ታች የለማ! ስለዚህ በርሜሉ ዞሮ ፈሳሹን ከግድግዳው ጋር ያጣብቀዋል፤ ፎን ብራውን ለሰው የተመኘው ሽክርክሪት መጨረሻ ላይ ለሽንት ዋለ። የተነጠረው ከላቡ ውሃ ጋር ተደባልቆ በማጣሪያዎች ያልፋል፤ የቀረው ቆሻሻ በሙቀት ተቃጥሎ ይጠፋል፤ ተህዋስያን እንዳይራቡ ጥቂት አዮዲን ይጨመራል። በ2009 ጠፈርተኞች የመጀመሪያዋን ብርጭቆ ጠጡ። በ2023 ናሳ ከሚገባው ውሃ 98 በመቶውን መልሶ ማግኘት መቻሉን አስታወቀ። ጠፈርተኞች የዛሬው ቡና የነገ ቡና ነው እያሉ ይቀልዳሉ። ከዚያው ውሃ ከፊሉ በኤሌክትሪክ ተሰንጥቆ ኦክስጅን ይሆናል፤ ስለዚህ የሚተነፍሱትም ከዚያው ምንጭ ነው። ልብስ ለማጠብ የሚተርፍ ግን የለም። ልብስ እስኪቆሽሽ ይለበስና ከሌላው ቆሻሻ ጋር አሮጌ የጭነት መንኮራኩር ውስጥ ተጭኖ ከባቢ አየር ውስጥ ይቃጠላል።

ቡናው ላይ ከተደረሰ አይቀር፣ ጣሊያናዊቷ ሳማንታ ክሪስቶፎሬቲ በግንቦት 2015 ለጣቢያው ተብሎ በተሠራ ማሽን ኤስፕሬሶ አፍልታ ጠጥታለች። ፈሳሹ ከጽዋው እንዳይሸሽ ጠርዙ እንደ ሹል አፍ የተጠጋጋ ልዩ ስኒ ነበራት። ጀበና እዚያ አይሠራም፤ ቢያዘነብሉት አይቀዳም። ዕጣኑና ከሰሉ ደግሞ የእሳት ማስጠንቀቂያውን ያስጮኹት ነበር። ለዚህ ጥንቃቄ ደግሞ በቂ ምክንያት አለ፤ በየካቲት 1997 ሚር ላይ የኦክስጅን ማመንጫ በእሳት ተያይዞ ጣቢያውን በጭስ ሞልቶታል።

ዳቦ የተከለከለ ያህል ነው፤ ፍርፋሪው እየተንሳፈፈ ዓይንና ማሽን ውስጥ ይገባል። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ጠፈርተኞች በዳቦ ፋንታ የሜክሲኮን ቶርቲያ ይጠቀልላሉ። ይህን የሰማ ኢትዮጵያዊ እንጀራን ማሰቡ አይቀርም፤ ማሰቡም ትክክል ነው። ለስላሳ ነው፣ ይጠቀለላል፣ በእጅ ይያዛል፤ ወፍራም ወጥ ደግሞ ከሚይዘው ነገር ጋር ተጣብቆ ይቆያል። ችግሩ የሚሆነው ሳይበላሽ የሚቆይበት ጊዜ ነው። የሚያቃጥለው የበርበሬ ማባያ፣ ዳጣ፣ ግን ሳይወደድ አይቀርም። ክብደት በሌለበት ደም ወደ ጭንቅላት ስለሚወጣ የጠፈርተኞች አፍንጫ እንደ ጉንፋን ይደፈናል፤ ምግብ ሁሉ አልጫ ይሆንባቸዋል፤ ቅመምና የሚያቃጥል ማባያም አጥብቀው ይፈልጋሉ። ቆጮን በዳጣ የሚበላ የጋሞ ሰው እዚህ ላይ ምክር የሚሰጥ እንጂ የሚቀበል አይመስልም። ትኩስ ፍራፍሬ የሚያገኙት የጭነት መንኮራኩር ሲደርስ ብቻ ነው፤ ሽታው ብቻውን ያስደስታቸዋል። በነሐሴ 2015 እዚያው ያበቀሉትን ሰላጣ ቅጠል ቆርጠው ቀመሱ። ቻይናውያን ደግሞ በ2022 ቲያንጎንግ በተባለው ጣቢያቸው ሩዝ አብቅለዋል።

ገላ ይሰንፋል። ሸክም የሌለበት አጥንት በወር ከአንድ በመቶ በላይ ጥንካሬውን ያጣል፤ ስለዚህ ሁሉም በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ራሱን በላስቲክ መሮጫው ላይ አስሮ ይሮጣል፣ ይጎትታል፣ ይገፋል። ቁመት ጥቂት ይረዝማል፤ አከርካሪው ስለሚለቀቅ ነው። ሲተኙ ግድግዳ ላይ በታሰረ ከረጢት ውስጥ ይገባሉ፤ አጠገባቸው አየር ማንቀሳቀሻ መኖር አለበት። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለማይነሳ የተኛ ሰው የገዛ ትንፋሹን ፊቱ ላይ አከማችቶ ራስ ምታት ሊነሳበት ይችላል። ቅዳሜ ቤቱ ይጸዳል። ይህ በዓለም ሁሉ አንድ ነው።

ሰዓት ግን አንድ አይደለም። የኢትዮጵያ ሰዓት ፀሐይ ስትወጣ ይጀምራል፤ ጣቢያው ላይ ፀሐይ በቀን 16 ጊዜ ያህል ትወጣለች። በእኛ አቆጣጠር የሚኖር ጠፈርተኛ ገና 1 ሰዓት ሳይሞላው ይመሽበታል። በዚህ ምክንያት ጣቢያው የግሪንዊችን ሰዓት ይጠቀማል፤ ነዋሪዎቹ ከእንቅልፍ የሚነሱት አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ሰዓት ጠዋት 6 ላይ ነው፤ በላንቴ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ገበሬው ከእርሻው ለቁርስ ሲመለስ ማለት ነው። ጥያቄው የሃይማኖትም ሆኗል። ማሌዢያዊው ሼህ ሙዛፈር በጥቅምት 2007 ሲሄድ ወሩ ረመዳን ስለነበር የአገሩ የእስልምና ሊቃውንት የሰላት ሰዓቱ በተነሳበት ቦታ ሰዓት እንዲቆጠር መመሪያ አዘጋጁለት።

እስካሁን በጠፈር ጣቢያ የኖረ ኢትዮጵያዊ የለም። ወደ ሕዋው ሥራ የተጠጉ ግን አሉ፤ በቦንጋ የተወለዱት ቅጣው እጅጉ ለቦይንግና ለሮክዌል የጠፈር ቴክኖሎጂ ሠርተዋል። አገሪቱ ራሷ በእንጦጦ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ ሁለት ቴሌስኮፖች ተከለች፤ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ 70 ኪሎ ያህል የምትመዝነው የመጀመሪያ ሳተላይቷ ከቻይና ተወነጨፈች። በዚያው ወር ኢትዮጵያ በአንድሮሜዳ ኅብረ ከዋክብት ላለ አንድ ኮከብ ቡና፣ ለሚዞረው ፕላኔት አቦል የሚል ስም አወጣች፤ ከሁሉም የስም ምርጫዎች ይህ ሳይደምቅ አይቀርም። ጎረቤት ኬንያ ግን በ2018 የመጀመሪያ ሳተላይቷን የለቀቀችው ከራሱ ከዓለም አቀፉ ጣቢያ ነው፤ ጋናም አንድ ዓመት ቀድማ እንዲሁ አድርጋለች።

ከጣቢያው መስኮት ስምጥ ሸለቆ ሲታይ የአባያና የጫሞ ሐይቆች ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ አንዱ ቡና በወተት፣ ሌላው አረንጓዴ ሰማያዊ። የአባያ ቀለም የብላቴ ወንዝና ሌሎች ወንዞች ከየእርሻው ጠርገው ያመጡት አፈር ነው። ለላንቴ ገበሬ ይህ ቀለም ውበት ብቻ አይደለም፤ ከላይ ከተራራው የተሸረሸረ ማሳ ነው።

ቤቱ እያረጀ ነው። ናሳ ከ2030 በኋላ ጣቢያውን ደቡብ ፓሲፊክ ውስጥ ሰው ከሌለበት ውቅያኖስ ሊጥለው አቅዷል፤ ገፍቶ የሚያወርደውን መንኮራኩር እንዲሠራ በ2024 ስፔስኤክስ የተባለውን ኩባንያ መርጧል። ከዚያ በኋላ በላንቴ ሰማይ የሚያልፈው ሰው ያለበት ብርሃን ቲያንጎንግ፣ ወይም ኩባንያዎች የሚገነቡት ሌላ ይሆናል።

እስከዚያው ግን ምሽቱ ይቀጥላል። ብርሃኑ ከአባያ በላይ ሲደርስ አድማስ ሳይነካ በመሐል ሰማይ ድንገት ይደበዝዝና ይጠፋል፤ የምድር ጥላ ውስጥ ገብቷል፤ እዚያ ላይ መሽቷል። ከ93 ደቂቃ በኋላ ዓለምን ዞሮ ሲመለስ ምድር ከሥሩ ወደ ምሥራቅ ስለዞረች የሚያልፈው በካሜሩን አካባቢ ሰማይ ላይ ነው። የሙዙ መኪና ገና ሶዶ አልገባም።